ሸሚዝም መጽሐፍም ብቻውን ባሕር አይሻገርም

«ጥሩ ዕቃ ገዢ አያጣም።» ባለፈው ሳምንት ደሴ ውስጥ በተካሄደ የሥነ ጽሑፍ ውይይት ላይ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዳ የተናገሩት ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ ለዓለም አንባቢ ያልደረሰው ደራሲዎቻችን ከመንደር ወሬ መውጣት ስላቃታቸው ነው አሉ። ዓለም አቀፍ ጉዳይ ጻፉ፣ ከቻላችሁም በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ ገበያው ራሱ ፈልጎ ያገኛችኋል ብለውም መከሩን። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ማጨብጨብ አልቻልኩም፤ ንዴቴም እስካሁን አልበረደም።

ይህ አባባል እንኳን ለመጽሐፍ ለሸሚዝም አይሠራም። ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ቁልቁል ኮምቦልቻ መውረድ ይበቃል። በአገራችን የኢንዱስትሪ ፓርኮች የሚሰፋ ልብስ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ የነበረው አጎዋ በሚባለው ሕግ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2022 ኢትዮጵያ ከዚያ ዕድል ተሰረዘች። በማግሥቱ የሰፊዎቹ እጅ ተበላሸ? ክሩ ሳሳ? ቁልፉ ተንጠለጠለ? ልብሱ ያው ልብስ ነበር፤ የተዘጋው በሩ ነው። በሩን የዘጉትም ሸሚዙን ገልብጠው ስፌቱን የመረመሩ ሰዎች አይደሉም።

በኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ሲያራግፍ የዋለ ማንኛውም ሠራተኛ ለእንግዳው ይህን ሊያስረዳቸው ይችል ነበር። ዕቃ ገዢ የሚያገኘው መንገድ፣ መጋዘን፣ ከባድ መኪና፣ የባንክ ኤልሲ (የክፍያ ዋስትና ሰነድ) እና ወረቀቱን ይዞ የሚሮጥ ትራንዚተር ሲኖረው ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ወርቅም ቢሆን መጋዘን ውስጥ አቧራ ይጠጣል። የመጽሐፍ ትራንዚተር ደግሞ ተርጓሚ ነው። ደራሲዎቻችንን በስንፍና የሚከሱ ሰዎች ስለ ተርጓሚ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ከመድረክ መውረዳቸው ያሳዝነኛል፤ ያስቆጣኛልም።

«የዓለም ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን ሐሳብ ያስፋፋው ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ ነው። እ.ኤ.አ. በ1827 ለረዳቱ ለኤከርማን የዓለም ሥነ ጽሑፍ ዘመን መቃረቡን ሲነግረው፣ ጨዋታቸው የተነሣው ጎተ በትርጉም ካነበበው የቻይና ልብ ወለድ ነበር። ቻይናዊው ደራሲ በጀርመንኛ አልጻፈም። ጎተ በሚኖርባት በቫይማር ያለ አንባቢ ይወድልኛል ብሎ የአገሩን ወግ አልሸሸም። በመካከል የቆመ ሰው ተረጎመው፣ ሌላው አሳተመው፣ ሌላው ሸጠው። ማርክስና ኤንግልስም እ.ኤ.አ. በ1848 ባወጡት የኮሚኒስት ማኒፌስቶ የሸቀጥን አገር መሻገር በገለጹበት ቦታ ላይ የዓለም ሥነ ጽሑፍን አብረው አንሥተዋል። ሁለቱ ጉዳዮች ያኔም አልተነጣጠሉም፤ ዛሬ ደሴ ላይ ሲደርሱ ለምን ይነጣጠላሉ?

ግብፃዊው ደራሲ ናጊብ ማህፉዝ አብዛኛውን ዕድሜውን የካይሮን ጠባብ ሰፈሮች በዐረብኛ ሲጽፍ ኖረ፤ ከዚያ የበለጠ የመንደር ወሬ የለም። እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ያገኘው መንደሩን ትቶ አይደለም። ከሽልማቱ በፊት በካይሮ የሚገኘው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ሥራዎቹን በእንግሊዝኛ ማውጣት ጀምሮ ነበር። ያ ማተሚያ ቤት ባይኖር ማህፉዝ ዛሬም የዐረብኛ አንባቢዎች ብቻ የሚያውቁት ሰው በሆነ ነበር፤ ይህንን ለመናገር አላመነታም።

«የመንደር ወሬ» የተባለው ደግሞ የወሎ ወሬ መሆኑ ነው የባሰ ያናደደኝ። ከደሴ በቅርብ ርቀት በሚገኘው ሐይቅ እስጢፋኖስ እ.ኤ.አ. በ1280ዎቹ ወንጌል በብራና ይጻፍ ነበር፤ ያ ወንጌል ራሱ ከሌላ ቋንቋ የተመለሰ ነው። የመን የተወለዱት አባ ዕንባቆም እ.ኤ.አ. በ1553 «በረላም ወይዋስፍ»ን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱት፤ የታሪኩ ሥር ሕንድ ነው፣ የቡድሃ ሕይወት ነው። ከሕንድ ተነሥቶ ስንት ቋንቋ አቋርጦ እኛ ዘንድ ሲደርስ ማንም ደራሲ ቋንቋውን እንዲቀይር አልተጠየቀም። የወሎ ዑለማ በጀማ ንጉሥ፣ በጌታ፣ በዳና የትምህርት ማዕከላት አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ መንዙማ ደርሰዋል። ባቲ ሰኞ ሰኞ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት ገበያ ነው፤ የዚያ ገበያ ከተማ ስም ዛሬ የዜማ ቅኝት ስም ነው። ንግድና ጥበብ አብረው መጓዛቸውን እኛ ከማንም ልንማር አይገባንም ነበር።

አርትኦት የጎደላቸው መጻሕፍት እንዳሉን አልክድም። ሆኖም በፒያሳ በረንዳዎች ላይ የተደረደሩትን የትርጉም መጻሕፍት ይመልከቱ፤ አብዛኞቹ ከእንግሊዝኛ የገቡ ናቸው፣ ብዙዎቹም ሀብታም ስለመሆን የሚሰብኩ። የሚገባው እንደ ሰልባጅ ቦንዳ በጀርባ ይገባል፤ የሚወጣው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ይህ የችሎታ ሚዛን ነው የሚለኝ ሰው የንግድ ሚዛን ምን እንደሆነ አያውቅም።

ውይይቱ ሊያበቃ ሲል ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ ልብ ወለድ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ታሪኩ እዚሁ ሰኞ ገበያ ነው። ማን ይተረጉምልኛል? ክፍያውስ ከየት ይመጣል?» አለ። እንግዳው ሰዓታቸውን ተመለከቱ፤ መድረክ መሪው ጊዜ አልቋል ብሎ አመሰገነን። ልጁ ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሲወጣ አየሁት። ጥያቄውን ለእንግዳውም፣ ለባህል ቢሮዎቻችንም፣ ለዩኒቨርሲቲዎቻችንም እኔ ደግሜ አቀርበዋለሁ፤ ማን ይተረጉምለታል?