ወላጆቻችንን ቁጭ አናድርጋቸው

ድሬዳዋ ላይ አንድ አባት ጡረታ ሲወጡ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያመቻችላቸው ወንበር ነው። በረንዳው ላይ ጥላ ያለበት ቦታ ይመረጣል፣ ትራስ ይደረጋል። ከዚያ "እርስዎ ይቀመጡ፣ እኛ አለን" ይባላል። ውሃ የሚያቀብላቸው ልጅ ነው። ሱቅ የሚላከው ልጅ ነው። መስጊድም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ባጃጅ ደጃፍ ድረስ ይመጣላቸዋል።

ይህን ሁሉ የምናደርገው በፍቅርና በአክብሮት ነው። ግን እየጎዳናቸው ነው ብዬ አምናለሁ። ጉዳቱ ጉልበታቸውን ከማሰር አልፎ መንፈሳቸውንም ይሰብራል።

ምልክቱን የማያውቅ ቤት የለም። ተጫዋች የነበሩት ሰው ዝም ይላሉ። ምግብ አይጥማቸውም። ሌሊቱን ሲገላበጡ ያድራሉ፣ ቀን ቀን ያንቀላፋሉ። ምን ሆኑ ሲባሉ "አቦ ተዉኝ" ይላሉ። እኛም "ዕድሜ ነው" ብለን እናልፋለን።

ዕድሜ ግን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች 14 በመቶ ያህሉ ከአእምሮ ጤና ችግር ጋር እንደሚኖሩ ይገምታል። ከሁሉም የሚበዛው ድብርትና ጭንቀት ነው። እንግዲህ አብዛኛው ሰው ያለ ድብርት ያረጃል ማለት ነው። የያዘው ሰው ደግሞ ታሟል፣ ሊረዳም ይችላል።

ከመርጃዎቹ አንዱ እንቅስቃሴ ነው። አሜሪካ ውስጥ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። ከባድ ድብርት የነበረባቸውን 156 ሰዎች በሦስት ከፈሏቸው። ሁሉም 50 ዓመት የሞላቸውና ከዚያ በላይ ነበሩ። አንዱ ቡድን መድኃኒት ወሰደ፣ ሁለተኛው እንቅስቃሴ ሠራ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም አደረገ። መድኃኒቱ ቶሎ ማሻል ጀመረ። ከ16 ሳምንት በኋላ ግን የሦስቱም ለውጥ ተቀራራቢ ሆነ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 120 አረጋውያንን ለአንድ ዓመት ተከታተለ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ እስከ 40 ደቂቃ በእግራቸው የሄዱት ሰዎች ትውስታን የሚይዘው የአንጎላቸው ክፍል 2 በመቶ ያህል ጨመረ። ሰውነታቸውን በማፍታታት ብቻ የቆዩት ግን ያው ክፍል ቀነሰባቸው።

ለእኔ ከቁጥሩ በላይ የገባኝ ሰፈራችን ያየሁት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ምድር ባቡር የሠሩ አባት አሉ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ሽርጣቸውን አገልድመው ከበረንዳ አልነሳም አሉ። ሬዲዮናቸውን እንኳ መክፈት ተዉ። ልጆቻቸው እንዳይደክሙ ብለው ሁሉን ነገር እጃቸው ላይ ያቀርቡላቸው ነበር። በኋላ አንዲት የልጅ ልጅ "አባባ ዳቦ እንግዛ" እያለች ጠዋት ጠዋት ይዛቸው መውጣት ጀመረች። ዳቦ ቤቱ ቅርብ ነው፣ መንገዱ ግን አያልቅም፤ ድሬ ላይ ሰላም ሳይባባል የሚተላለፍ ሰው የለም። አሁን ዳቦውን በአውራ ጣታቸው ጫን እያሉ "ይሄ የትናንት ነው፣ ትኩሱን አምጣ" ብለው ይከራከራሉ። ሐዘናቸው አልጠፋም፤ ሰውየው ግን ተመልሰዋል።

እግራቸው ብቻ አይደለም ያዳናቸው። መውጣታቸው ነው፣ "እንዴት አደሩ" መባላቸው ነው፣ የሚጠበቅባቸው ሥራ ማግኘታቸው ነው። ስለዚህ ወላጆቻችንን "ስፖርት ሥሩ" ከማለት ሥራቸውን ብንመልስላቸው ይሻላል። ገበያ ይውጡ። ችግኛቸውን ውሃ ያጠጡ። መስጊዱ ወይም ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ከሆነ በእግራቸው ይሂዱ።

ስለ በርጫም ዝም ማለት አልችልም። ምሳ እንደተበላ ተቀምጦ እስከ ማታ መቃም ወጣቱንም አይጠቅምም። ደም ግፊት ላለበት አዛውንት ደግሞ ከባድ ነው። ጫት ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ድብርቱ ይብስበታል።

የድሬን ሙቀት አልረሳሁም። ቀትር ላይ አዛውንት ማስወጣት ጥፋት ነው። ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት፣ ወይም ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ውሃም ይያዝ። ለአረጋውያን የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው። በአሥር ደቂቃ መጀመር ይቻላል። ጡንቻን የሚያጠነክርና ሚዛንን የሚያስጠብቅ ነገርም ያስፈልጋል፣ መውደቅን ይከላከላልና። እጅ ሳይደገፉ ከወንበር ደጋግሞ መነሳት፣ ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር መቆም ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው።

ከዚራ የሚኖር ዕድለኛ ነው፣ የድሮዎቹ ዛፎች ያጠሉለታል። ሌላው ሰፈር ግን? የእግረኛ መንገዱ ላይ ዕቃ ተዘርግቶ፣ ባጃጅ ቆሞ፣ ሽማግሌው ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። የከተማው አስተዳደር ለእግረኛ መንገድ በጀት ሲይዝ ዛፍና ማረፊያ አግዳሚ ወንበርም ይጨምርበት። ጉልበቱን የሚያመው ሰው መሀል ላይ የሚያርፍበት ካላገኘ ከቤቱ አይወጣም።

ልብ፣ ስኳር ወይም ግፊት ያለባቸው ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ። የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰውም መራመድ ስለጀመረ ብቻ መድኃኒቱን አያቋርጥ። "መኖር ሰልችቶኛል፣ በወሰደኝ" የሚሉ ወላጅ ካሉ ደግሞ የእርጅና ወግ ነው ተብሎ አይታለፍ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ይወሰዱ፣ ብቻቸውንም አይተዉ። የእግር ጉዞው ከሕክምናው በኋላ ይደርሳል።