«ብሩ ባንክ ገብቷል አይደል እንዴ?»

ዛሬ ደግሞ ስብሰባ ላይ መሳቂያ ሆኜ ወጣሁ። አለቃዬን ጋሼን ታውቋቸው የለ? ሒሳብ መዝጊያ ሲደርስ አይቻሉም።

ነገሩ ያ የጥገና ውል ነው። 1,200,000 ብር፣ ቫቱን ሳይጨምር። ደንበኛው የዓመቱን አንዴ ከፈለ። ውሉ የጀመረው ግንቦት 1 ነው። እስከ ሰኔ 30 የሠራነው የሁለት ወር ስለሆነ 200,000 ብር ገቢ አልኩና የቀረውን አንድ ሚሊዮን ዕዳ ውስጥ ከተትኩት። ወንጀሌ ይኸው ነው።

ጋሼ ሪፖርቱን አዩት።

«ብሩ ባንክ ገብቷል አይደል እንዴ?»

«ገብቷል ጋሼ።»

«ታዲያ ገቢ ካልሆነ ምንድነው?»

«ዕዳ ነው። የአሥር ወር ሥራ አለብን።»

«ማነው ያበደረን?»

ሳቅ በሳቅ! ያ የሽያጩ ጎረምሳማ ጠረጴዛ እየደበደበ ነው የሳቀው። ኮሚሽኑ የሚሰላው በሰኔው ገቢ ነዋ! ጋሼም ሳቁ ሲሞቅላቸው «ልጄ፣ የሰው ሒሳብ ሠራተኛ ገንዘብ ያመጣል፣ አንቺ የገባውን ታስወጫለሽ» አሉኝ። እኔ ሞኟ ማስረዳት ጀመርኩ። አይኤፍአርኤስ 15 የሚባለው ዓለም አቀፍ የገቢ አመዘጋገብ ደረጃ፣ የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006፣ ገቢ የሚባለው አገልግሎቱ ሲሰጥ ነው ምናምን... ማን ሰምቶኝ! ጸሐፊዋ እንኳ ስልኳን መነካካት ያዘች።

ደንበኛው ነገ «ውሉን ትቼዋለሁ፣ ቀሪውን መልሱ» ቢል ከየት ነው የምንመልሰው? ከሳቁ?

ቆይ፣ ቫቱስ! ደረሰኝ የተቆረጠው ለሙሉው ስለሆነ 15 በመቶውም የሙሉው ነው። 180,000 ብር አሳውቀናል። የግብር ኦዲተሩ የቫቱንና የገቢውን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቶ «አንድ ሚሊዮኑ የት ገባ?» ሲል ፋይል ተሸክሞ የሚሄደው ማነው? ጎረምሳው? እሱ እኮ 10 አሃዝ ቲን ቁጥር አስተካክሎ መጻፍ አቅቶት በየወሩ ደንበኛ የሚያስጮህብኝ ሰው ነው!

ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌራችንም አላዘነልኝም። ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ስንት ዓመቱ፣ እኛ ጋ ያለው ግን ያው አሮጌው ነው። ለፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራ ዕቃ። የበጀት ዓመቱን ከጁላይ 8፣ ማለትም ከሐምሌ 1 አስጀምሬ፣ ጳጉሜን ነሐሴ ላይ ለጥፌ፣ እንደምንም እገፋዋለሁ። የውሉንም ገቢ በየወሩ መቶ ሺህ መቶ ሺህ እያልኩ በእጄ በጆርናል ነው የማወጣው። ባለፈው ደግሞ አንዱ ገብቶ ኢንቮይስ አጠፋብኝ። ክሬዲት ሜሞ (የመሰረዣ ሰነድ) የለ፣ ምን የለ፣ ዝም ብሎ ዲሊት! ማን እንደሆነ እንዳላጣራ ፓስወርዱ የሁላችንም አንድ ነው። ያውም ቢጫ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሞኒተሩ ላይ ተለጥፏል።

ከስታዲየም ለገሃር ድረስ በእግሬ ሄድኩ፣ ንዴቴ ቢበርድ ብዬ። ብቻዬን ሳወራ ሰው ዞር እያለ ያየኛል።

መጨረሻ ላይ ጋሼ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ለባንኩ የምንሰጠውን በእኔ መንገድ ሥሪው፣ ለግብሩ በአንቺ።» ሁለት ሒሳብ! ፊርማው ግን የእኔ ብቻ። «በጽሑፍ ይስጡኝ» አልኳቸው። ጭጭ።

ክፍት የሥራ ቦታ የሰማችሁ በውስጥ ጻፉልኝ። ፒችትሪ ቢኖርም ግድ የለኝም። ጎረምሳው ብቻ አይኑርበት።