ከእጄ የተሰበረች በቆሎ

በነሐሴ መጨረሻ አንድ አመሻሽ ዝናቡ ሲያባራ ባሕር ዳር ጣና ዳር ተቀምጠን ሳለን፣ አማቼ ገና አንድ ጊዜ የገመጥኳትን የተጠበሰች በቆሎ ሳይጠይቀኝ ከመሐሏ ሰብሮ ወሰደ። «አልራበኝም፤ ለመቅመስ ያህል ነው» አለ፤ ይህን የሚል ሰው ምንጊዜም የሚያነሳው ወፍራሙን በኩል ነው። ከዚያም አፉን እንደሞላ፣ «ጋሼ፣ እኛ ለቤንዚን ባጃጅ ይዘን ተሰልፈን ስናድር አሜሪካኖቹ መኪናቸውን በበቆሎ ይነዳሉ፤ ጭሱም አየሩን አይጎዳም፤ በቆሎው ሲያድግ ከአየር የሳበውን ነው መልሶ የሚተፋው» አለኝ።

የነገሩ ግማሽ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ ግን እንደ በቆሎዬ ተውጧል። ማሳው ላይ ከሚበተነው ዩሪያ የሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ፣ በ100 ዓመት ስሌት፣ ኪሎ ለኪሎ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ትራክተሩና ፋብሪካውም ነዳጅ ይጠጣሉ፤ ከበቆሎው የሚወጣው ነዳጅ፣ ኢታኖል የሚሉት አልኮል፣ በአንድ ሊትሩ የሚሰጠው ጉልበት ደግሞ የአንድ ሊትር ቤንዚን ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው።

ያበሸቀኝ ግን ይህ አይደለም። አማቼ በቆሎዬን እንጂ ረሃቤን አልወሰደልኝምና ተነስቼ ሌላ ገዛሁ፤ ሻጯም ለነገ ከሜጫ አንድ ጨምራ ታስመጣለች። አሜሪካ ውስጥ ከሚመረተው በቆሎ ሲሶው ያህል ኢታኖል ፋብሪካ ሲገባም፣ ያንን በቆሎ ይበላ የነበረው ከብትና ሰው ጦሙን አያድርም፤ ዋጋው ይወደዳል፣ በሌላ አገር ያለው ገበሬ ደን ይመነጥራል፣ ዛፉና አፈሩ ለዘመናት ያጠራቀሙት ካርቦን ይለቀቃል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይህን ጨምሮ ሲያሰላ፣ የበቆሎ ኢታኖል ልቀት በ30 ዓመት ውስጥ የቤንዚንን እጥፍ ሊደርስ እንደሚቃረብ ገመተ፤ በቁጥሩ ላይ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት አያቴ ስትተርት፣ ሴትዮዋ በብብቷ ስንት ይዛ እንደነበር ማንም ሲጠይቅ አልሰማሁም፤ ጠያቂ ቢኖር ኖሮ ምናልባት ቆጡን አትመኝም ነበር።

በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ነገሩን የካርቦን ዕዳ ብሎታል፤ ዕዳው ደን ሲመነጠር የተለቀቀው ካርቦን ነው፣ የሚከፈለውም ነዳጁ ቤንዚንና ናፍጣን ተክቶ በሚያድነው ልቀት፤ በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ የረግረግ ደን ተጨፍጭፎ ለነዳጅ የሚሆን ፓልም ቢተከልበት ዕዳው ተከፍሎ የሚያልቀው ከ400 ዓመት በኋላ ነው። አማቼም ባጃጁን ሲገዛ ከእኔ የተበደረውን «ከመስቀል በፊት» ብሎኝ ነበር፤ የትኛው መስቀል እንደሆነ ባለመጠየቄ ይኸው አምስተኛው እየመጣ ነው። ነዳጅ አብቃዮቹ ከእርሱ የሚሻሉት የመክፈያ ዘመናቸውን የሚያሰላ ሰው በማግኘታቸው ነው።

ለፍርድ እንዲመች፣ በ2001 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ላይ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል የጀመረው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል የሚወጣው ከስኳር ተረፈ ምርት ከሞላሰስ ስለሆነ የማንንም እህል አልነጠቀም። ከማዕድ የተረፈውን ማንሳትና ከእጅ መንጠቅ ለየቅል ናቸው። ይህንኑ ላስረዳው ስዞር አማቼ ሁለተኛዋንም በቆሎ ጨርሶ ቆረቆንዳዋን በመዳፌ ላይ አስቀመጠና፣ «ከዚህም ነዳጅ ይወጣል አሉ፣ ጋሼ» አለኝ።