እርማት፦ ጀርም ተገኘ ማለት ታመሙ ማለት አይደለም

እህቴ፣ «ሐዋሳ ሆስፒታል የተኙት እናቴ በሰገራ ምርመራ መድኃኒት የተላመደ ክሌብሲየላ የሚባል ባክቴሪያ ተገኘባቸው፤ ለምን አንቲባዮቲክ አይጀመርላቸውም?» ብለሽ ጽፈሻል። ጭንቀትሽ ይገባኛል፤ ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ግን ልክ አይደለም።

ክሌብሲየላ አንጀት ውስጥ ሰፍሮ ምንም ሳያደርግ ሊቀመጥ ይችላል። የሕመም ምልክት ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ አይታከምም። እንዲያውም አንቲባዮቲኩ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይገድልና መድኃኒቱን ለተላመደው ባክቴሪያ ቦታ ይለቅለታል። ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል የሚባል ሌላ ባክቴሪያ የሚያመጣው ከባድ ተቅማጥም ብዙ ጊዜ የሚከተለው ከአንቲባዮቲክ በኋላ ነው።

አደጋው ግን አለ። ባክቴሪያው ከአንጀት ወጥቶ በሽንት ቱቦ ሽቅብ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሽንት ማስወጫ ቱቦ (ካቴተር) ከተደረገላቸው «ዛሬም ያስፈልጋቸዋል ወይ?» ብለሽ በየቀኑ ሐኪሙን ጠይቂ። ፖፖ ካነሣሽ በኋላ እጅሽን በሳሙና ደህና አድርገሽ ታጠቢ። ካተኮሳቸው ወይም ካንቀጠቀጣቸው ወዲያው ለነርሷ ንገሪ፤ ያኔ ሕክምናው አይዘገይም።