ይድረስ ለክቡር ፍላሽባክ

ጉዳዩ፦ ከአምስት ደቂቃ በፊት ያየሁትን ትዕይንት፣ ቀስ ብሎና በዘፈን ታጅቦ፣ እንደገና ማሳየትን ይመለከታል።

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። «ከናፍቆትዎ በቀር» ብዬ እንዳልጨምር ውሸት ይሆንብኛል። ሰው የሚናፈቀው ሲሄድ ነው። እርስዎ መቼ ሄደው ያውቃሉ?

አንቱታውም እዚህ ላይ ይብቃን። ዘመዶቼ ያልዋሉበት ቤት ውለህ አድረሃልና አንተ ብልህ አትቀየመኝ።

የቻይናን የታሪክና የምናብ የፍቅር ድራማ የሚያይ ሰው ሁሉ ያውቅሃል፤ ለማያውቅህ ግን ለወጉ ያህል ላስተዋውቅህ። ልዑሉ ኮክ ዛፍ ሥር ቆሞ ለልጅቷ የፀጉር ጌጥ ይሰጣታል። አበባው ይረግፋል። ነፋሱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ ብቻ ይነፍሳል። አሪፍ ነው፣ ደስ ብሎኛል። ልጅቷ ክፍሏ ገብታ ጌጡን እያገላበጠች ፈገግ ትላለች። እዚህ ጋ አንተ ከች ትላለህ። ልዑሉ ኮክ ዛፍ ሥር ቆሞ የፀጉር ጌጥ ይሰጣታል። አሁን ግን ዳር ዳሩ ነጣ ብሎ፣ እጁ ለመድረስ ሰዓት እየፈጀ፣ ዘፋኟም ከኋላ እያንጎራጎረች። ወንድሜ፣ አሁን አየሁት እኮ! ሻዬ እንኳን አልቀዘቀዘም።

ነገሩ የገንዘብ ጉዳይም አለበት። ድራማውን በስልኩ፣ በኢንተርኔት ፓኬጅ የሚያይ ሰው አንተን በሜጋባይት እየገዛ ነው የሚያይህ። ለዚያች የፀጉር ጌጥ አንዴ ከፈልኩ። ፈገግ ስትል ሁለተኛ ከፈልኩ። የሚቀጥለው ክፍል «ባለፈው ክፍል» ብሎ ሲጀምር ሦስተኛ። እስር ቤት ስትገባና ግድግዳውን ተደግፋ ስታስበው አራተኛ። ስትሞት ደግሞ መቼም አትቀርም፤ ደም ከከንፈሯ ጥግ ጠብ እንዳለ ኮክ ዛፉ ሥር ተመለስን። በዚህ ሒሳብ ጌጡን ወርቅ ቤት ሄጄ ብገዛው ይረክስልኝ ነበር።

ደግሞ ያስመረረኝ ድራማው ቀሽም ስለሆነ እንዳይመስልህ። ቀሽም ቢሆንማ ትቼው በተኛሁ። ያስመረረኝ እነዚህ ሰዎች ያላንተ መሥራት እንደሚችሉ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

በ2015 (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣውን «ኒርቫና ኢን ፋየር»ን አስታውስ። ማስታወስ ሥራህ አይደል። ፍቅሩ ጥቂት፣ ሴራው ብዙ ነው። ሞቷል የተባለ ወጣት የጦር መሪ መልኩም ስሙም ተቀይሮ፣ በበሽታ መንምኖ፣ አማካሪ ነኝ ብሎ ወደ ዋና ከተማው ይመለሳል። አብሮት ያደገው ልዑል እንኳን አላወቀውም። ታዲያ ይሄ ሰው ሐሳብ ሲገባው ሳይታወቀው ልብሱን በጣቶቹ ያሻል። ከልጅነቱ ጀምሮ ያለ አመሉ ነው። ካሜራው አይጮህም፣ ሙዚቃው አይንጫጫም፣ ጣቶቹ ብቻ ያሻሉ። ልብ ያለ ተመልካች ከልዑሉ ቀድሞ ነገሩ ይገባዋል፤ ልብ ያላለም ልዑሉ ልብ ሲል አብሮ ይደነግጣል። ሁለቱም ደስ ይላል። ሁለቱም የሚሠራው ግን ተመልካቹ ጭንቅላት አለው ተብሎ ስለታሰበ ነው።

ወይም የ2018ቱን «ስቶሪ ኦፍ ያንሺ ፓላስ»። 70 ክፍል ነው፣ እንዳልደብቅህ ያን ሁሉ ክፍል አይቼዋለሁ። የንጉሥ ቺያንሎንግ ሚስት ንግሥት ፉቻ ፀጉሯ ላይ ወርቅና ዕንቁ አትደረድርም። ከሐር የተሠራ አበባ ነው የምታደርገው። ይሄ በታሪክም የተጻፈላት ነገር ነው፤ ቁጥብ ነበረች። ለድራማው እነዚያን አበቦች የሠሩት የናንጂንግን የሐር አበባ ጥበብ ይዘው የቆዩ ባለሙያ ናቸው። ሌሎቹ ቁባቶች እየተብለጨለጩ ሲገቡና እሷ በዚያች ደብዛዛ አበባ ስትቀመጥ፣ ማን ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አንድ ቃል ሳይነገረን ገብቶን ቁጭ። በ2022 የወጣው «ኤ ድሪም ኦፍ ስፕሌንደር» ደግሞ የጥንቱ የሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ሰዎች የሻይ ዱቄት በሙቅ ውሃ እየመቱ አረፋ አስነስተው፣ አረፋው ላይ ሥዕል ሲሥሉ ያሳይሃል። እኔ የሻይ ሰው አይደለሁም፤ ያንን ግን ትንፋሼን ውጬ ነው ያየሁት።

ፍቅሩም ቢሆን ሲያምርበት ያምርበታል። የዚያው ዓመት «ላቭ ቢትዊን ፌሪ ኤንድ ዴቭል» ላይ ስሜቱ ከውስጡ የተነቀለበት ኃያል ጌታ ከአንዲት ምስኪን የኦርኪድ አበባ መንፈስ ጋር በድግምት ይተሳሰራል። እሷን ያመማት እሱንም ያመዋል። እሷ ሆድ ሲብሳት እሱ ያነባል። ሦስት ዓለም የሚንቀጠቀጥለት ሰውዬ ለምን እንደሆነ ሳይገባው እንባው ዱብ ዱብ ሲል ስቄም አዝኜም አላውቅም እንደዚያ። ፍቅርን በንግግር ከማስረዳት ይልቅ በሰውየው ገላ ላይ ጻፉት። ታሪኩም በ36 ክፍል አለቀ።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ውበት የሚቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ እኔ አስታውሳለሁ ተብሎ መታመን። ትንሿ ነገር ክፍል 4 ላይ ትቀመጣለች፣ ክፍል 31 ላይ ትነሳለች፣ በመካከል ያለውን መንገድ ተመልካቹ ራሱ ይሄድበታል። አንተ መጥተህ መንገዱን ትቆርጥብኛለህ። አቦል ጥሩ ነው፣ ቶናም ይሁን፣ በረካውንም ለምርቃቱ ስንል እንጠጣለን፤ አንተ ግን አተላውን በስድስተኛ ውሃ አፍልተህ ጠጡ ትላለህ።

ጥፋቱ የብቻህ እንዳልሆነም አውቃለሁ። አሳዳጊዎችህን አውቃቸዋለሁ። እዚያ አገር ድራማ ለረጅም ጊዜ የተሸጠው በክፍል ቁጥር ነው። ክፍል በበዛ ቁጥር ገቢው ይጨምራል። ስለዚህ 30 ክፍል የሚበቃውን ታሪክ 60 ለማድረግ ሲታሰብ አዲስ ትዕይንት መቅረጽ ወጪ አለው፤ ተዋናይ አለ፣ ፈረስ አለ፣ ሄንግዲያን ያለው ግዙፍ የቀረጻ ከተማ ኪራይ አለ። አንተ ግን በነፃ ነህ። ተቀርጸህ አልቀሃል። የሚቀረው ማደብዘዝና ዘፈን መጫን ብቻ ነው።

ነገሩ መንግሥትንም አሳስቦ ነበር። በ2020 የአገሪቱ የሬዲዮና ቴሌቪዥን አስተዳደር «ድራማ ከ40 ክፍል አይለፍ፣ ከ30 ባይበልጥ ይመረጣል» የሚል መመሪያ አወጣ። እኔም እፎይ፣ ተገላገልኩት አልኩ። አዘጋጆቹ ምን አደረጉ? ጣሪያ ነው የተባለውን ወለል አድርገው ያዙት። ከዚያ በኋላ የወጣውን ብዙውን ተመልከት፤ 40፣ 40፣ 40። በ2025 ደግሞ እሱም ገደብ ላላ። ይሄን ስትሰማ ከደስታህ ብዛት ወዲያው ወደ ልጅነትህ ትዝታ ሳትመለስ አልቀረህም።

ተመልካቹም ዝም ብሎ የሚጫወቱበት እንዳይመስልህ። ለአባልነት ከፍሎ ሳለ «ቀጣዮቹን ክፍሎች ቀድመህ ለማየት ደግሞ ጨምር» የተባለ አንድ ሰው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ2020 ተፈርዶለታል። በ2021 ድራማ በኢንተርኔት የሚያሳዩት ሦስቱ ትልልቅ መድረኮች አሠራሩን ተዉት። አንተን የሚከስ ግን እስካሁን አልተገኘም። አንደኛው መድረክ ደግሞ አንድን ተዋናይ ብቻ መርጠህ እሱ ያለበትን ትዕይንት ብቻ የምታይበት ቁልፍ ሠርቷል። አስበው! ሻጩ ራሱ «ከሸጥኩልህ ውስጥ የማይረባውን እየዘለልክ ብላ» ሲል። እኔም ጣቴ ማፍጠኛው ላይ ነው የሚውለው። ክፋቱ አንተ በዝግታ ስለምትሄድ፣ በእጥፍ ፍጥነት ስትታይ ልክ እንደ ጤነኛ ሰው ትራመዳለህ።

አሁን ስለ ዘመድህ ስለ መርሳት እናውራ።

ይሄ ዘመድህ በምናቡ ድራማ ሁሉ አለ። መድኃኒት ጠጥቶ መርሳት፣ ከገደል ወድቆ መርሳት፣ ከሰማይ ወርዶ ሰው ሆኖ ሲወለድ መርሳት፣ ወደ ሰማይ ሲመለስ የሰውነት ዘመኑን መርሳት። እውነቱን ለመናገር በ2017ቱ «ኢተርናል ላቭ» ላይ ሥራውን ሠርቷል። ባይ ቺየን ዘጠኝ ጭራ ያላት ቀበሮ ናት፣ ኃይሏም ማንነቷም ተወስዶባት እንደ ተራ ሰው ትኖራለች፣ ልዑል ዬኋን ታገባለች። ሰማይ ቤት ስትሄድ በምቀኛዋ ሴራ ዓይኗን አውጥተው ለምቀኛዋ ይሰጡባታል። ሰማይ ቤት ካለ ከፍ ያለ ሰገነት ላይ ራሷን ወደ ታች ትወረውራለች። ከዚያ ሁሉን የሚያስረሳ መድኃኒት ጠይቃ ትጠጣለች። ከ300 ዓመት በኋላ ሲገናኙ እሱ ያውቃታል፣ እሷ እንግዳ ነው የሆነባት፣ እኛ ደግሞ ሁለቱንም እናውቃለን። ይሄ ያማል። በዚያ ላይ እሷ 140,000 ዓመቷ፣ እሱ 50,000 ዓመቱ ነው፤ የዘጠና ሺህ ዓመት ታላቁ ናት፣ የኛ ሽማግሌዎች ቢሆኑ ገና በራፍ ላይ ይመልሱት ነበር። ቀደም ሲል ደግሞ ወንድ መስላ ኩንሉን ተራራ ላይ ለሺዎች ዓመታት ስትማር ከመምህሯ በቀር የጠረጠራት ያለ አይመስልም። ይሁን፣ ለፍቅር ሲባል እንለፈው።

ከዚያ በኋላ ግን እየተቀዳ እየተቀዳ የማይረሳ ሰው ጠፋ። ጀግናው ረሳ፣ ጀግናዋ ረሳች፣ ጠላትየው ሳይቀር ረሳ። አንተና ዘመድህ አንድ ቤት ስትሠሩ ደግሞ የሚሆነውን ልንገርህ፦ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉን ነገር ይረሳሉ፣ እኔ ደግሞ አንዲት ነገር እንድረሳ አይፈቀድልኝም። ልጅቷ ባሏን ሦስት ጊዜ ረስታው፣ እኔ የባሏን የፀጉር ጌጥ በሕልሜ እያየሁት ነው። ሥራችሁን ብትቀያየሩ እኮ ድራማው በ20 ክፍል ያልቃል። እሷ ታስታውስ፣ እኔ ልርሳ።

ሌሎቹን ዘመዶችህን በየተራ አላነሳም፣ ቀለም ይጨርሱብኛል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትናገር የሚፈታ ጸብ ይዛ 9 ክፍል ዝም የምትለዋን ግን ሳልጠቅሳት አላልፍም። «ስሚኝ ላስረዳሽ» ይላታል። «አልሰማም» ትላለች። ይሄዳል። አንድ ሰው በር ቢዘጋ ኖሮ ጦርነቱ ይቀር ነበር። እስር ቤት ሰባት ቀን ተርባ ፊቷ በፊልተር እንደ ሸክላ የሚያበራውንም እንዲሁ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ መጨረሻው ነው። 38 ክፍል ሙሉ አንተን ሲያመላልሱ ከርመው፣ ክፍል 39 ላይ ሰዓት የሌላቸው መሆኑ ትዝ ይላቸዋል። ጦርነቱ በአራት ደቂቃ። ሞቱ በሁለት። ዓለም ዳነ። «ከሺህ ዓመት በኋላ» የሚል ጽሑፍ፣ ከኋላ የታየች ሴት፣ ዘወር ልትል ስትል አለቀ። እሷ ናት? ሌላ ናት? ለዚህ ደቂቃ አልተረፈም። ደቂቃውን ማን እንደበላው አንተና እኔ እናውቃለን።

እንግዲህ ጠቅልለህ ጥፋ አላልኩህም። ግፈኛ አይደለሁም። ያላየሁትን ይዘህ ከመጣህ በሬ ክፍት ነው። ያኔ በር ላይ የቆመችው እሷ እንደነበረች፣ ደብዳቤውን ያቃጠለው ወንድሟ እንደነበረ፣ ከሌላ ሰው ዓይን ካሳየኸኝ ብድግ ብዬ አስተናግድሃለሁ። ያ ሥራ ነው፣ ለዚያ ተፈጥረሃል። ከዚህ ውጭ የምትመጣ ከሆነ በአንድ ክፍል አንድ ጊዜ፣ ያውም ከአሥር ሴኮንድ ያልበለጠ። ነጭ ዳርህን እቤትህ ትተህ። ዘፋኟንም አሳርፋት፤ ያቺ ልጅ በመክፈቻው ዘፍና፣ በመዝጊያው ዘፍና፣ መሃል ላይ አንተ በመጣህ ቁጥር እየተቀሰቀሰች ጉሮሮዋ አልቋል።

ይህን ካልተቀበልክ የተባለው ማፍጠኛ እጄ ላይ አለ። ጎረቤቴም ሙሉውን አይታ በአሥር ደቂቃ የምትተርክልኝ ሴት ናት፤ በእሷ ትረካ ውስጥ ደግሞ አንተ የለህም።

ከሰላምታ ጋር፣
ፓኬጁ ያለቀበት ተመልካች

ግልባጭ፦
ለወ/ሮ «አልሰማም»፣ ላሉበት
ለመርሳት (ከደረሰው ለሁለተኛ ጊዜ ይላክለት)
ለኮክ ዛፉ፤ አበባ ማራገፉ ቆሞ ፍሬ የሚያፈራበት ክፍል ስንተኛው እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገልጽልን