መነጽር ቤት የሚሠራው ልጅ የት ይማር?

የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ዓመት ዓይኑን ላስመረምረው ይዤው ሄድኩ። መርማሪዋ ግራ ዓይኑን ጋረደችው። ዝም ብሎ ተቀመጠ። ቀኙን ስትጋርደው ግን እጇን ገፋት። ደግማ ስትሞክር አንገቱን አጣሞ ሊያሾልክ ሞከረ። "አዩት? የሚያየው በዚህኛው ብቻ ነው" አለችኝ።

ቤት ውስጥ ማንም አላወቀም ነበር። ኳስ ይጫወታል፣ ቴሌቪዥን ያያል። ሌላው ሰው በሁለት ዓይን እንደሚያይ በምን ያውቃል?

ይህ በተለምዶ ሰነፍ ዓይን የሚባለው ነው። አንዱ ዓይን ብዥ ሲልበት ወይም ሸውራራ ሲሆን አንጎል ያንን ዓይን ይተወዋል። ሕክምናው ብዙ ጊዜ መነጽር ማድረግና ደህናውን ዓይን በቀን ለተወሰኑ ሰዓታት መሸፈን ነው። ግን ጊዜ አይሰጥም። ከሰባት ዓመት በፊት ሲጀመር በደንብ ይሠራል፤ በቆየ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል።

ልብ በሉ፣ ለዚህ ሥራ የግድ ቀዶ ሐኪም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ልጅ አባብሎ መመርመር የሚችል፣ በደንብ የሠለጠነ ሰው ነው። እንግሊዝ አገር ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ባለሙያው ኦርቶፕቲስት ይባላል። ሳይመዘገብ በስሙ መጠራት በሕግ ክልክል ነው። የዘወትሩ መንገድ እንደ ሼፊልድና ሊቨርፑል ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ገብቶ ዲግሪ መማር ነው። አሁን ሁለተኛ በር ተከፍቷል። ሆስፒታሉ ተማሪውን ይቀጥረዋል፣ ደመወዝ ይከፍለዋል፤ እየሠራ ዲግሪውን ይማራል። የትምህርት ክፍያው ከተማሪው ኪስ አይወጣም። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ትልልቅ ቀጣሪዎች ለዚህ ዓይነቱ ሥልጠና ከደመወዝ ወጪያቸው 0.5 በመቶ ያዋጣሉ።

ወደ እኛ ልምጣ። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት 3.7 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ እይታው የደከመ ነበር። ከዚህ ውስጥ የሲሶው ችግር የመነጽር እጦት ነው። መነጽር ብቻ! ጎንደርና ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲዎች ኦፕቶሜትሪስቶችን፣ ማለትም ዓይን መርምረው መነጽር የሚያዙ ባለሙያዎችን፣ ያስተምራሉ፤ እሰየው ነው። የዓይን ነርሶችም አሉን። ከነሱ በታች ያለውን ሰው ግን ማንም አላሰበውም።

እሱን በደንብ አውቀዋለሁ። የእህቴን ልጅ መነጽር ያሠራንበት ሱቅ ውስጥ የሚሠራው ልጅ ነው። በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለካ። ሌንሱን በማሽን ሞርዶ ክፈፉ ውስጥ ሲገጥመው እጁ አይንቀጠቀጥም። ሁሉንም የለመደው ከአጎቱ አይቶ ነው። የምስክር ወረቀት የለውም። ለምን እንዲህ እንደሚለካ ብጠይቀው "እንዲህ ነው የሚለካው" አለኝ።

"ዓይን በልምድ አይነካም" የሚሉ ሐኪሞች አሉ። ልክ ናቸው። እኔም የምለው ይሄንኑ ነው፤ የመነጽር ቤቱ ልጅ አሁንም በልምድ እየሠራ ነውና። እንግሊዞቹ ሁለተኛውን በር ሲከፍቱ ደረጃውን አላወረዱም። ዲግሪው ያው ነው፣ ምዝገባውም ያው። የተለወጠው ደመወዙን ትቶ መማር የማይችል ሰው መግባት መቻሉ ነው።

እኛም ከዜሮ አንጀምርም። በቴክኒክና ሙያ በኩል ኮሌጅና ድርጅት ተጋግዘው የሚሰጡት የትብብር ሥልጠና አለ፤ ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና አለ። ለመነጽር ሥራና ለመጀመሪያ ደረጃ የዓይን ምርመራ የሙያ ደረጃ ይውጣ። ሱቁ ሥራውን ያስለምድ፣ ኮሌጁ ምክንያቱን ያስተምር። ምን እንደሚነካ፣ የቱን ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም እንደሚልክ በጽሑፍ ይቀመጥ። ጎበዙ በዚያው ወደ ኦፕቶሜትሪ ዲግሪ የሚያልፍበት መንገድ ይኑረው። ይህ መንገድ ከሌለ ደረጃው ራሱ ብዙ አይረባም፤ ማንም ከታች ሊቀር ብሎ አይማርም።

መነጽሩን ልንረከብ ስንሄድ ይህንኑ ለመነጽር ቤቱ ልጅ አነሳሁለት። ክፈፉን በጨርቅ እየወለወለ ሰማኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ "ጋሼ፣ የማታ ይሆናል?"