እርማት፦ አንቶኒ ፍሉ ክርስቲያን አልሆነም

«ፈጣሪ አለ ያለ ሁሉ ሃይማኖተኛ ነው፤ እንግሊዛዊው ፈላስፋ አንቶኒ ፍሉ እንኳ በመጨረሻ ክርስቲያን ሆኗል» የሚል አስተያየት እየተደጋገመ ነው። ግማሹ ልክ ነው። ፍሉ አብዛኛውን ዕድሜውን «አምላክ የለም» ሲል ኖሮ በ2004 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን መቀየሩ ታውቋል። ክርስቲያን ግን አልሆነም። ካሳመኑት ነገሮች አንዱ የዲኤንኤ (በሕያዋን ሴሎች ውስጥ የዘር መረጃ የሚይዘው ሞለኪውል) ውስብስብነት ነው፤ ስብከት አይደለም። የተቀበለው የአርስቶትልን ዓይነት፣ በሰው ጉዳይ ጣልቃ የማይገባ አምላክ ነው። ከሞት በኋላ ሕይወት ይኖራል ብሎም አልጠበቀም። (ይህቺን ብዙዎች ዘለል ያደርጓታል።)

ማረጋገጥ ለሚፈልግ፣ ከአሜሪካዊው ፈላስፋ ጋሪ ሃበርማስ ጋር ያደረገው ቃለ ምልልስ በዚያው ሰሞን ታትሟል፤ ጠያቂው ራሱ ክርስቲያን ነው። ፍሉን ክርስቲያን ካልነው፣ በአመክንዮ ብቻ ፈጣሪ አለ የሚሉትን ሁሉ ሳንጠይቃቸው የሃይማኖት ተከታይ አደረግናቸው ማለት ነው።